አሥራ ስምንት ብዬ የጻፍኩት

ወንድሜ ዳኛቸው የአሥር ቀን ፈቃድ ይዞ ከኦጋዴን ጦር ግንባር በመጣ በአራተኛው ቀን፣ ጓሯችን ካለው እንሰት መሐል ጉድጓድ ቆፈረ። ወደ አስኮ የሚወጣ የጭነት መኪና ሲያጓራ የጎረቤታችንን ልጅ ወርቄን ጎትቶ አስገባትና «ተኚ! ጭንቅላትሽን ቅበሪ!» አላት። የስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ ጨዋታ መስሏት ተኛች። ስደርስ መኪናው ካለፈ ቆይቷል፤ እሱ ግን ማጅራቷን ተጭኖ ይዟታል። አፏ አፈር ሞልቶት ታለቅሳለች።

«ልቀቃት!»

«ከተነሳች ትሞታለች» አለኝ፣ ገና ባልጎረነነ ድምፁ።

አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። የኮሪያ ዘማቾች በሄዱበት ዓመት መወለዱን ኮልፌ ሁሉ ያውቃል። በወረቀቱ ከሄድን ግን አሥራ ዘጠኝ ሞልቶታል። ያ ወረቀት ካልተሻረ ከስድስት ቀን በኋላ ወደ ኦጋዴን ይመለሳል።

ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ እኅቱ ኮከብ ነኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ፣ ከሱቅ መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ ፊደል ለቅሜ የሰፈሩ ማመልከቻ ጸሐፊ የሆንኩ! አምና ጦር ሰፈሩ ውስጥ ያስተምራሉ፣ ሙያ ያስይዛሉ ሲባል ሰማሁ። ልጅ አንቀበልም ሲሉኝ ዕድሜውን አሥራ ስምንት አደረግኩት። ቁጥር ነው፣ ምን ያመጣል አልኩ። እናት አባት የሉንም፣ የሚከለክለኝ አልነበረም። መልማዩም ቀና ብሎ ልጁን አላየውም፤ የእኔን ቆንጆ የእጅ ጽሑፍ አይቶ ማኅተሙን መታ።

ምስክር ሆነው ወረቀቱ ላይ ጣታቸውን ያሳረፉት የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ገብረአምላክ ነበሩ። ወርቄን አፏን አጥቤ ለእናቷ ሰጠሁና እሳቸው ቤት ሄድኩ።

«ጋሼ፣ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው ብለው የመሰከሩትን ያንሱልኝ።»

«ይሄ ከእኔ አፍ ወጣ? ሲወለድ ደጃፋችሁ ቆሜ! ለትምህርት ነው፣ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው ብለሽ አንብበሽልኝ የለም እንዴ?»

«እንደዚያ ነው ያነበብኩልዎት። የተጻፈው ሌላ ነው።»

አውራ ጣታቸውን አገላብጠው አዩት።

«ማንበብ አልችል ይሆናል፤ ደንቆሮ ግን አይደለሁም» አሉ። «ነጠላሽን ልበሺ፣ ልጁንም ጥሪው። እኔ ዕድሜውን እናገራለሁ። የአንቺን ጉድ ግን አንቺው ትናገሪዋለሽ።»

ወደ ጦር ሰፈሩ በሚወስደው መንገድ ላይ «በጽሕፈት ስሕተት ምክንያት» የሚል የተዋበ ዓረፍተ ነገር አሰናድቼ ነበር። ሻምበሉ ፊት ስንቆም፣ ሽማግሌው አጠገቤ ናቸውና፣ ዋጥኩት።

«ዋሽቼ ነው የጻፍኩት» አልኩ።

ሻምበሉ ወደ ዳኛቸው ዞሩ። «ስንት ዓመትህ ነው?»

«አሥራ ዘጠኝ፣ ጌታዬ!» ተረከዙን አጋጨ።

«ውሸቱን ነው!» አልኩ።

«አንቺ ዝም በይ። ውሸቱን ያስተማርሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ ሻምበሉ።

ጋሽ ገብረአምላክ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ክቡር ሻምበል፣ ወረቀቱን ይተዉትና ልጁን ይዩት።»

አዩት። «ቀበቶህን ፍታ» አሉት። ሲፈታው ሱሪው ቁልቁል ወረደ፤ በሁለት እጁ ቀለበው። ሻምበሉ ፊታቸውን አዞሩ።

ስሙን ሰረዙ፤ ቀበቶውንም አስቀሩበት። እኔን በሐሰት ጽሑፍ ማክሰኞ ፖሊስ ጣቢያ እንድቀርብ አስፈረሙኝ። «ልጁን ሳያይ ማኅተም የመታውስ አብሮኝ ይቀርባል?» አልኩ። በእጃቸው በሩን አሳዩኝ።

ስንመለስ ዳኛቸው ሱሪውን በእጁ ጨብጦ ከፊት ከፊት ሄደ። ፌርማታው ጋ ደረስኩበት።

«ዳኜ፣ አናግረኝ እንጂ።»

«ድንኳናችን ውስጥ እኔን የሚያክሉ ሦስት አሉ» አለ ሳይዞር። «እኔን ብቻ ልጅ አደረግሽኝ።»