የሰልስቱ ቆጮ

«ተቀበሏትና ወደ ጓሮ ውሰዱት» አሉ እትዬ አበዛሽ፣ ቀስ ብለው።

ቀስ ቢሉም ድንኳኑ ሁሉ ሰማ። በር ላይ የቆሙት ሴትዮም ሳይሰሙ አልቀሩም። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ነጠላቸው ረጥቧል፣ እግራቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው። ገና ከጭጋጉ ውስጥ ያልወጡ ይመስላሉ።

የቁስል አካሚው የድሬሰር ገብረ ሥላሴ ሰልስት ነው። መንግሥት ከተለወጠ አሥረኛው ክረምት ሲሆን፣ ቦንጋ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ዘንቧል። በሸራው ውስጥ የሚያልፈው ብርሃን ሁሉን ቢጫ አድርጎታል። ለቀስተኛው ንፍሮ እየቆረጠመ ሲያንሾካሹክ፣ ልጃቸው ቀጸላ ሰው ሁሉ ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስለዋል። ሦስቱም ቀን አንድ የማይመሽ ከሰዓት ሆኖበታል።

«ማን ናቸው?» አለ፣ ከጎኑ ወደ ተቀመጡት ባለሱቅ ጎረቤቱ ጋሽ ነስሩ ዘንበል ብሎ።

«ከማንኪራ ናት፣ ዘነበች ትባላለች። አባትህ እግሯን ሲያክሙላት የነበረች።» ባለሱቁ ድምፃቸውን የባሰ ዝቅ አደረጉ። «ማንጆ ናት።»

ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገውም። እዚህ ያደገ ሁሉ ያውቃል፤ ማንጆ የሚባለው ወገን የነካው አይበላም። ለቅሶ ቤት ምግብ ይዘው ሲመጡ «እግዜር ይስጥልን» ብለው ይቀበሏቸዋል፣ ከዚያ ለውሻ ይደፋል። እነሱም ያውቃሉ። ያም ሆኖ ይዘው ይመጣሉ።

ቀጸላ ስምንተኛ ክፍል ሳለ አባቱ አንድ ቅዳሜ ማንኪራ ይዘውት ሄደው ነበር። ከዚያ ቀን የቀረው እንደ ሕልም ነው፤ ጫካው ውስጥ የተንጠለጠሉ ቀፎዎች፣ የማይታይ ንብ ድምፅ፣ ሳፋ ፊት የተንበረከኩ አባት። ያበጠ እግር ጭናቸው ላይ አድርገው፣ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር በሳሙና ያሻሉ። ሲጨርሱ ምግብ ቀረበ። እሳቸው በሉ። እሱ «ጠግቤያለሁ» አለ።

በመንገድ ላይ «አባባ፣ አይቀፍህም?» ብሎ ጠየቀ።

«እግራቸውን ሳጥብ ያልቀፈፈኝ፣ እጃቸው ለምን ይቀፈኛል?»

ብዙ ከሄዱ በኋላ ደግሞ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ፣ «ጌታም ያጠበው ጎንበስ ብሎ ነው። ቆሞ እግር አይታጠብም» አሉ።

ወሬው ቀድሟቸው ቤት ገባ። እትዬ አበዛሽ የወንድማቸውን ብርጭቆና ሳህን ለይተው መስኮት ላይ አስቀመጡ። አባቱ እስከሞቱበት ቀን ለብቻቸው በሉ። ቀጸላም የራሱን ሳህን ይዞ አክስቱ ጋ ተቀመጠ። እናቱ በወሊድ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው ነበሩ፤ ዛሬ ደግሞ የቀሩት ዘመድ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ተነሣ።

«የት ነው?» አሉ እትዬ አበዛሽ።

«እንግዳ ቆመዋል።»

«ቀጸላ፣ ስማኝ። በአባትህ አልሳሳሁም፣ ባንተም አልሳሳም። ከዚያ ከቀመስክ ከእጅህ ውኃ አልቀበልም። ቤትህንም አልረግጥም።»

ንፍሮ የሚቆረጥም ጥርስ ሁሉ ቆመ። ያጎረሱት፣ በወባ ሲንቀጠቀጥ አቅፈውት ያደሩት እነዚሁ እጆች ናቸው። እሱ ግን በሩ ጋ ደርሷል።

«ይግቡ፣ እትዬ ዘነበች።»

«እዚህ ይበቃኛል። ጭቃ ነኝ።»

«እኔም ሦስት ቀን አልታጠብኩም።»

ሴትዮዋ ሳቅ ሊያመልጣቸው ሲል አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ክንዳቸውን ይዞ ወደ ሐዘንተኞቹ ፍራሽ ወሰዳቸው፣ ከጎኑ አስቀመጣቸው፣ ቅጠሉን ጉልበቱ ላይ ፈታ። ቆጮው ገና ሙቀት አለው፤ ያን ሁሉ መንገድ ከደረታቸው አስጠግተው ይዘውት መጥተዋል። ቆርሶ ጎረሰ።

«እህስ?» አሉ ጋሽ ነስሩ፣ ጭንቁን ለማርገብ ያህል።

«ጨው ያንሰዋል።»

«ድሬሰር ጨው አይወድም» አሉ ዘነበች። «ሁልጊዜ ለሱ እንዲህ ነው የምጋግር።»

ቀጸላ ማኘኩን አቆመ። አባቱ ጨው እንደማይወዱ አያውቅም ነበር።

እትዬ አበዛሽ ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ። በለቀስተኛው መካከል፣ ማንንም ሳያዩ፣ ወደ ዝናቡ ወጡ። ነጭ ልብሳቸው ጭጋጉ ውስጥ እስኪጠፋ በዓይኑ ሸኛቸው። አልጠራቸውም። ደግሞ ቆርሶ ጎረሰ።

ያን ጊዜ ዘነበች አውራ ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና፣ ባልተላጨው ጺሙ ላይ የቀረውን ፍርፋሪ ቀስ ብለው አነሡለት። ፊቱን አላሸሸም።