ለሟች ቤተሰቦች

ሰብሌ በወረዳው ኮሙኒኬሽን ክፍል ጥቂት ዓመታት ሠርታለች። የውሃ መቋረጥ፣ የመታወቂያ እድሳት፣ የጽዳት ዘመቻ፣ በወረዳው ስም የሚወጣ ማስታወቂያ ሁሉ በእሷ ኮምፒውተር ያልፋል። እጇ ከመልመዱ የተነሳ «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ብላ ትጀምርና «እናሳስባለን» ብላ ትጨርሳለች። መሐል ላይ ያለውን አንዳንዴ ራሷም ደግማ አታነበውም።

በዚያ ሰሞን ከቀራንዮ ወደ ውስጥ የሚያስገባ አንድ መንገድ ሊሰፋ ተወሰነ። መንገዱ ሲሰፋ የሰፈሩን ቤተ ክርስቲያን ግቢ በታችኛው አጥር በኩል ይነካዋል፤ በዚያ በኩል ደግሞ መቃብር አለ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር ንግግር ተደርጎ አፅሞቹ ተነስተው እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከላይ በኩል በተዘጋጀ ቦታ እንዲያርፉ ተስማሙ። ማስታወቂያውን ሰብሌ ጻፈችው፦

«በመንገድ ማስፋፊያ ፕሮጀክቱ ወሰን ክልል ውስጥ የሚገኙ የቀብር ይዞታዎች ባለመብቶች ወይም ሕጋዊ ወኪሎቻቸው አስፈላጊውን ማስረጃ በማቅረብ የማንሳት ሂደቱን በተቀመጠው የጊዜ ገደብ እንዲያከናውኑ፣ ይህ ሳይሆን ቢቀር አስተዳደሩ በራሱ አግባብ የሚያስፈጽም መሆኑን እናሳስባለን።»

ማኅተም ተመትቶበት በቤተ ክርስቲያኑ በር፣ በወረዳው ሰሌዳና በየሱቁ ግድግዳ ተለጠፈ። ሰው ቆሞ አነበበው፤ አንብቦም መንገዱን ቀጠለ። ሳምንት አልፎ ወደ ቢሮው የመጣው ሰው ግን በጣት የሚቆጠር ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት አቶ መዝገቡ መጡ። ጦር ኃይሎች አካባቢ ረጅም ዘመን ጨርቃ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ፣ አሁን ሱቃቸውን ዘግተው ቤት የዋሉ፣ ቀጭን ረጅም ሽማግሌ ናቸው። ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ አንድ ፌስታል በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር። ሰብሌ ወንበር ሰጠቻቸው። ቁጭ ብለው ከፌስታሉ ውስጥ ያለውን አንድ በአንድ ጠረጴዛዋ ላይ ደረደሩት፦ መታወቂያ፣ የሞት የምስክር ወረቀት፣ የእድር ካርድ፣ በመጨረሻ ዳሩ የተጣጠፈ የሠርግ ፎቶ።

«ካርታ ግን የለኝም ልጄ» አሉ። «ለመቃብርም ካርታ እንደሚሰጥ አላወቅሁም ነበር። በጊዜው ቢነግሩኝ አወጣ ነበር።»

«የምን ካርታ አባባ?»

«የይዞታ። ባለቤቴ ናት እዚያ ያለችው። ጽጌማርያም። ምስክር አምጣ ካላችሁኝ አመጣለሁ፣ የቀበራት ሰው ሁሉ በሕይወት አለ። ብቻ ባለይዞታ አይደለህም ብላችሁ ቦታዋን ለሌላ ሰው እንዳትሰጡብኝ።»

ሰብሌ ፎቶውን አየችው። ጸጉሯን ከፍ አድርጋ የተሠራች፣ ሳቋን መያዝ ያቃታት ሙሽራ። አጠገቧ እኚሁ ሰውዬ፣ በዚያን ጊዜም ረጅምና ቀጭን።

«ማስታወቂያውን አንብበውታል?» አለቻቸው።

«ደጋግሜ። ማንበቡንስ አነባለሁ። ምን እንደሚል ነው ያልገባኝ። ሰው ብጠይቅ አንዱ የግብር ነገር ነው አለኝ። ሌላው አጥር ሊታጠር ነው አለ። የእድራችን ጸሐፊ ደግሞ ካርታ የሌለው ይቀማል ብሎ አስደነገጠኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

ሰብሌ ልታስረዳቸው አፏን ከፈተች። «በፕሮጀክቱ ወሰን ክልል» የሚለው ሐረግ ምላሷ ላይ መጣባትና ዋጠችው። ይህን ነገር ጽፋዋለች እንጂ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ለሰው ተናግራው አታውቅም። ከጠረጴዛዋ ኋላ ተነሥታ ዞረችና አጠገባቸው ባለው ወንበር ተቀመጠች።

«ጋሼ መዝገቡ፣ ካርታ የሚጠይቅዎት የለም። ቦታውንም ለሌላ ሰው አንሰጥም። መንገድ ሊሠራ ነው። መንገዱ እትዬ ጽጌማርያም ባረፉበት ላይ ያልፋል። ስለዚህ አፅማቸው ይነሳና እዚያው ግቢ፣ ከላይ በኩል፣ እንደገና ይቀበራል።»

ሽማግሌው የሠርጉን ፎቶ ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት። ከውጭ ታክሲ ረዳት ሲጣራ ይሰማል።

«ልታነሷት ነው?» አሉ።

«አዎ። ልናነሳቸው ነው።»

«እኔ ባለሁበት?»

«እርስዎ ባሉበት። ካህናቱም ባሉበት።»

«ካርታ ፍለጋ ስዞር ቀኑ ቢያልፍብኝስ ኖሮ?»

ሰብሌ መዋሸት ትችል ነበር። «እኛው እናነሳቸው ነበር» አለች።

«እኔ ሳላውቅ።»

«እርስዎ ሳያውቁ።»

አቶ መዝገቡ ወረቀቶቻቸውን መልሰው ሰበሰቡ። ፎቶውን በኮታቸው ውስጠኛ ኪስ ከተቱት። የምትጠብቀውን ቁጣ አልተቆጧትም። እጃቸውን እጇ ላይ ጣል አደረጉና «እንኳን ነገርሽኝ» አሉ። «ከባድ ነገር ነው። ግን አሁን ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ።»

ከወጡ በኋላ ሰብሌ ማስታወቂያውን ከፍታ ከፊደል እስከ ፊደል አነበበችው። «ሞት» የሚል ቃል የለበትም። «አፅም» የሚል የለበትም። ባል፣ እናት፣ ልጅ የሚል የለበትም። ምን እንደሚነሳ እንኳን አይናገርም። ልታስተካክለው ሞከረች፤ እጇ ግን ወደለመደው እየሄደ «ከላይ በተጠቀሰው» ይልባታል። እያጠፋች እንደገና ጀመረች። መጨረሻ ላይ ጋሼ መዝገቡ አጠገቧ ተቀምጠው እንደሚሰሟት አስባ፣ ለእሳቸው እንደምትናገር አድርጋ ጻፈችው፤ አትማም ወደ ኃላፊዋ ወሰደችው።

ኃላፊዋ አቶ ደመቀ ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ጠንቃቃ ናቸው፤ አንዲት ቃል ጎድላ ወረዳው ቢከሰስ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ወረቀቱን በዓይናቸው ገረፍ አደረጉና መለሱላት።

«ይሄ ማስታወቂያ ነው ወይስ መርዶ?»

«መርዶም ነው አቶ ደመቀ። ሰው እኮ ስላልገባው ነው ያልመጣው።»

«ክብደት የለውም። የመንግሥት ወረቀት አይመስልም።»

«የመጀመሪያው ከነማኅተሙ ከሥሩ ይለጠፍ። ሕጉም እዚያ ይኑር። ይሄኛውን ግን አንድ ጊዜ ብቻ ድምፅዎን አውጥተው ያንብቡልኝ።»

አቶ ደመቀ ተነፈሱ። መነጽራቸውን አስተካክለው እንደ ሪፖርት ፈጠን አድርገው ማንበብ ጀመሩ፦

«ለሟች ቤተሰቦች። በቤተ ክርስቲያኑ ታችኛው አጥር ሥር የተቀበሩ ዘመዶቻችሁ አፅም ሊነሳ ነው። ምክንያቱም በዚያ በኩል መንገድ ይሠራል። አፅማቸው ከግቢው አይወጣም። እዚያው፣ ከላይ በኩል፣ በጸሎት እንደገና ይቀበራል። ቀኑ ከታች አለ። ሲነሳ እንድትገኙ እንፈልጋለን። የይዞታ ካርታ አንጠይቅም። የሟቹን ስምና ያረፈበትን ቦታ መንገር ይበቃል። መምጣት ካልቻላችሁ፣ ወይም ልባችሁ እምቢ ካለ...»

እዚህ ላይ ድምፃቸው ቀዘቀዘ። ከመጀመሪያው ፍጥነታቸው ምንም አልቀረም።

«...ወይም ልባችሁ እምቢ ካለ ንገሩን። ካህናቱ በእናንተ ፋንታ ይቆማሉ። ያልገባችሁ ነገር ካለ ወረዳው ቢሮ ኑና ሰብሌን ጠይቁ።»

ወረቀቱን አስቀመጡት። ሰብሌ ቀደው ሊጥሉት ነው ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን እስክሪብቶ አነሱና «እንፈልጋለን» የሚለውን ሰርዘው ከላዩ «እንለምናለን» ብለው ጻፉ።

ሰብሌ ፈገግ አለች። «መንግሥት ይለምናል እንዴ?»

«በዚህስ ይለምን» አሉ አቶ ደመቀ። «ስልክሽንም ጻፊበት።»

አዲሱ ማስታወቂያ በተለጠፈ ማግስት ሰው መጣ። ሁሉም እንደ አቶ መዝገቡ አልነበረም። አንዲት ሴት የልጇ አፅም እንደሚነሳ ስትሰማ በሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አንድ ጎልማሳ ጠረጴዛዋን በጡጫ መትቶ «የሞተውንም አታሳርፉም?» ብሎ ጮኸባት። ሰብሌ ጩኸቱን እስኪጨርስ ሰማችው፤ ሲጨርስም ውሃ ቀዳችለት። ያን ጊዜ ነው የገባት፤ የመጀመሪያው ማስታወቂያ ማንንም ያላስቆጣው ለማንም ምንም ስላልነገረ ነበር። ሮቤራ የሚባል ሰው ደግሞ በትሕትና መጥቶ ወንድሞቹ ከአምቦ እንዲደርሱ ቀኑ ወደ እሑድ እንዲዛወር ጠየቀ። ሌሎቹም ደገፉት። አቶ ደመቀ ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር ተነጋግረው፣ ከቅዳሴ በኋላ እንዲሆን ቀኑን አዛወሩት።

አቶ መዝገቡና ጽጌማርያም ልጅ አልነበራቸውም። በዋዜማው ጋሼ መዝገቡ ደውለው «ልጄ፣ ትመጫለሽ አይደል?» አሏት። እሑድ የሰብሌ የዕረፍት ቀን ነው፤ ግን «እመጣለሁ» አለች።

ጠዋቱ ደመናማ ነበር። ቤተሰቦች በየመቃብራቸው ዙሪያ ነጠላቸውን ተከናንበው ቆመዋል፤ ካህናቱ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄዱ ፍትሐት ያደርሳሉ። ጋሼ መዝገቡ ጋ ሲደረስ ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን አነሱ። ሽማግሌው ትንሽ እንዲታገሷቸው በእጃቸው ምልክት ሰጡ። ከዘራቸውን ለሰብሌ አቀበሏትና እንደምንም ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን አፈሩ ላይ አሳረፉ።

«ጽጌ» አሉ። «እኔ ነኝ። እዚህ ጋ መንገድ ሊሠሩ ነው። ከዚህ ልናነሳሽ ነው። ሩቅ አይደለም፣ እዚያ ላይ፣ ጥዱ ሥር ነው። አትደንግጪ። አብሬሽ ነኝ።»

መልስ እንደሚሰማ ሰው ጆሯቸውን ወደ አፈሩ ዘንበል አደረጉ። ከዚያ ቀና ብለው «በሉ ጀምሩ ልጆቼ፤ ቀስ እያላችሁ» አሉ።

ሰብሌ ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ተመለሰች።

አፅሙ በአዲስ አቡጀዲ ተጠቅልሎ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ገባ። ወጣቶች ሊሸከሙላቸው ቀረቡ። ጋሼ መዝገቡ እምቢ አሉ። ሳጥኑን ደረታቸው ላይ አቅፈው ዳገቱን ወጡ፤ ሰብሌ ከዘራውን በአንድ እጇ፣ ክንዳቸውን በሌላው ይዛ። ሁለቴ ቆመው አረፉ። ላይ ደርሰው ጸሎቱ አልቆ አፈሩ ሲመለስ ሰውዬው ከጠዋት ጀምሮ የያዙትን ትንፋሽ የለቀቁ መሰሉ፤ ትከሻቸው ወረደ።

ከግቢው ሲወጡ «ራበኝ» አሉ፣ ራሳቸውም ገርሟቸው። «ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም እኮ።»

ከመንገዱ ማዶ ባለች ጠባብ ምግብ ቤት ገቡ። ሽሮ አዘዙ። ጋሼ መዝገቡ መጀመሪያ ጠግበው በሉ። ከዚያ ስለ ጽጌማርያም ያወሩ ጀመር። ታክሲ ላይ ከረዳት ጋር ሳትጣላ ወርዳ አታውቅም አሉ፤ ፌርማታው ካለፈ በእግሯ መመለስ እንደ ሽንፈት ነበር የምታየው።

«አንድ ቀን ሳንሱሲ ዘመድ ጥየቃ ስንሄድ ሹፌሩ ፌርማታውን አሳለፈን። ወራጅ ብንለው አልሰማም። ታዲያ እሷ ምን አለችው መሰለሽ? ‹ወደ ኋላ ነድተህ ካላደረስከኝ አልወርድም!›»

«ከዚያስ?» አለች ሰብሌ፣ እየሳቀች።

«ሙሉ ታክሲ ሰው እኮ ነው። እኔ አፍሬ መሬት ትዋጠኝ እያልኩ። ሹፌሩ ዞሮ አያት፣ አያት...»

ጋሼ መዝገቡ ሳቃቸው ቀደማቸውና ታሪኩን መጨረስ አቃታቸው። ሰብሌ ውሃውን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገችላቸውና ሳቁ እስኪበርድላቸው ጠበቀች።