በመስኮቱ በኩል ያለው ዓይን

ከሰሉን ማድቀቅ ይቀድማል፣ ከዚያ ዕንቁላሉ፣ አስኳሉ ብቻ፣ ነጩ ከገባ ቀለሙ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይኼንን ሠዓሊው አያ ወልደኢየሱስ በጥፊ ነው ያስተማሩት፣ ኮሶዬ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሥር፣ ማሩ ግን ተማሪዎቹን በጥፊ አያስተምርም፣ ጣሳውን ከፍ አድርጎ ያሳያቸዋል፣ እንዲህ ነው የሚማሰለው፣ እስኪወፍር፣ ቅመሱት አላልኩም። ይስቃሉ። ይሳቁ። ቀዩ አፈር ነው፣ ቢጫው እርድ፣ ሰማያዊው ለሸማ ማንጫ ከሚሸጠው ዱቄት፣ ብሩሹ የፍየል ጠጉር ሸምበቆ ላይ ታስሮ፣ ወረቀቱ ደግሞ የሲሚንቶ ከረጢት፣ ከመንገድ ሥራው መጋዘን ለምኖ ያመጣው፣ አራግፎ፣ አርሶ፣ ድንጋይ ጭኖ ያቃናው። ቡናማ ነው፣ ስለዚህ የሰው ፊት ለመሣል ሌላ ቀለም አያስፈልግም፣ ወረቀቱ ራሱ ፊት ነው። ሸጋ ዘዴ ነው። የራሱ ነው፣ ከማንም አልሰማውም።

ባለፈው ሳምንት ቅጠል ነበር፣ ቅጠሉን ቀለም ቀብቶ ወረቀት ላይ መጫን፣ ጅማቱ ሳይቀር ይወጣል፣ ከዚያ ብዙ ቀድሞ የወንዝ ጭቃ፣ ክፍሉ ሁሉ በሬ ሠራ፣ በሬ፣ በሬ፣ በሬ፣ አንዷ ብቻ ድመት። ድመቷ መስኮቱ ላይ ናት አሁንም፣ ጅራቷ የለም፣ ገና ሳትደርቅ ወደቀ። አያነሳትም። አቧራዋን እንኳ አይጠርግም። የዛሬው ሥራ የመጣለት መንገድ ላይ ነው፣ ጠዋት የቀሃን ወንዝ ተሻግሮ ሲወጣ ሁለት ሴቶች ቆመው፣ አንደኛዋ የሌላዋን ዓይን ገልብጣ ጉድፍ ታወጣላታለች፣ አተኩራ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ሰው የሰው ፊት እንዲህ አያይም አለ በሆዱ፣ ካላመመው በቀር አያይም፣ እና ገብቶ ደወሉ ሳያበቃ ተናገረው፣ አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው ሣሉ፣ እንደምታዩት፣ ሰው ሲሥል እንዳያችሁት ሳይሆን እንደምታዩት።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሦስተኛውን አግዳሚ አላሰበም። የባንቺአየሁ አጠገብ፣ የመስኮቱ ጫፍ፣ ባዶ ነው፣ ከኩፍኙ ወዲህ ባዶ ነው፣ ማንንም ተቀመጥበት አላለም፣ ማንም አልተቀመጠም፣ በጠባቡ እየተጋፉ እዚያ ግን አይጠጉም። ሽታዬ እዚያ ነበረች፣ ድመቷን የሠራችው። ልጁ። ያለችው አንድ ልጁ፣ አባት አስተማሪ ሲሆን ልጅ ፊት አይቀመጥም፣ ያደላል ይባላል ብሎ ራሱ ነው ሦስተኛው ላይ ያስቀመጣት። ባንቺአየሁ አሁን አትጠይቅም፣ ማንን ልሣል የኔታ አትልም፣ ብሩሹን አንስታ ጎንበስ ብላለች። ሄዶ ዙሪ፣ ከኋላሽ ያሉትን ልጆች፣ እነዳኛውን ሣይ ይበላት። ይበላት እንጂ። እግሩ አይሄድም።

የሽታዬ ፎቶግራፍ የለም። ፒያሳ ካለው ፎቶ አንሺ እንውሰዳት ሲባል ቀሚሱ ይሰፋና ለፋሲካ አለች እናቷ አመለወርቅ፣ እሱም አዎ ለፋሲካ አለ፣ ፋሲካ መጣ፣ ቀሚሱ ተሰፍቷል። ሣላት አለችው አመለወርቅ፣ አንተ እኮ ሠዓሊ ነህ። እሺ አለ። ሣለ። ፊት ለፊት፣ ሁለት ትልልቅ ዓይን፣ ቅንድቡ እንደ ቀስተ ደመና፣ እጁ የተማረውን ነው የሚያውቀው፣ ደገመ፣ ሌላ ወረቀት፣ ያው ፊት፣ ክንፍ ብቻ ነው የጎደለው። አመለወርቅ አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም፣ አየችው፣ ይቺ መልአክ ናት አለች፣ እኔ መልአክ አልወለድኩም፣ ልጄን ሣልልኝ። ከዚያ ወዲህ ሥዕል የሚባል ነገር በቤቱ አልተነሳም። የሚያስፈራው እሱ አይደለም። የሚያስፈራው ዓይኑን ሲጨፍን እሱም የሚያያት በዚያ ፊት መሆኑ ነው፣ ራሱ በሣለው፣ እውነተኛዋ ከሥሩ እየጠፋች ነው፣ አሮጌ ግድግዳ በኖራ ሲሸፈን እንደሚጠፋው።

በአግዳሚዎቹ መካከል ይሄዳል። የኔታ፣ ዳኛው አፍንጫዬን ጭልፋ አረገው። እንደምታዩት ብለውን የለ የኔታ፣ ጭልፋ ነዋ። ዝም በሉ፣ ጥላውን ከዚህ በኩል አጥቁረው፣ አንቺ ውሃ አብዝተሻል፣ ሸጋ ነው፣ ቀጥል፣ ይሄ ማነው፣ እሱ ነው፣ አይመስልም፣ ይመስላል የኔታ ተቆጥቶ ነው። ሦስተኛው አግዳሚ። አያይም፣ ያልፋል፣ አላለፈም፣ ዳኛው ከኋላ አንገቱን አስግጎ አይቶታል።

ሽታዬን ይሁዳ አረገቻት። ባንድ ዓይን።

ስድብ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፣ የዚህ አገር ልጅ ሀሁ ሳይቆጥር የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ማንበብ ይችላል፣ እናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ነው የተማረው፣ ጻድቅ ፊቱን ሙሉ ይሰጥሃል፣ ሁለት ዓይን፣ ክፉ ግን በጎን ነው፣ አንድ ዓይን፣ ይሁዳ አንድ፣ ሰይጣን አንድ፣ ጌታን የገረፉት ሁሉ አንድ አንድ። ማሩ ራሱ ልጅ ሆኖ አንድ ሰማዕት በጎን ሣለና አያ ወልደኢየሱስ ብሩሹን ነጥቀው ሰበሩት፣ ጻድቁን አጋንንት ታረገዋለህ አሉት። እጁ ያንን አይረሳም፣ አሁንም እጁ ነው የቀደመው፣ ወረቀቱን ሊያነሳ፣ ባንቺአየሁ ወረቀቱን በክርኗ ይዛዋለች፣ አታለቅስም፣ ግራ ገብቷታል እንጂ።

እኔኮ ከዚህ ነው የማያት፣ የኔታ። እንዲህ ነው የምትቀመጠው።

የምትቀመጠው አለች። ትቀመጥ የነበረው አላለችም።

ያያል። ጎን ነው፣ አንድ ዓይን፣ ወደ ታች ያየ፣ ደብተሯን። ጆሮ፣ ትልቅ ጆሮ፣ ልጅ የሚያየውን ነው የሚያተልቀው፣ ጆሮው ላይ የተበሳበት ቀዳዳ፣ ቀዳዳው እንዳይደፈን የገባችው ጥቁር ክር፣ አዎ፣ ክር ነበረ፣ አመለወርቅ ናት ያስገባችው፣ እና ከከንፈሩ መሐል ቀይ አፈር፣ ትንሽ፣ ምን ነች፣ ምላስ ናት። ስትጽፍ ምላሷን ታወጣለች። ይኼ የት ነበረ፣ ይኼ በየት ሄዶ ነበር፣ እሱ ጥቁር ሰሌዳው ጋ ነው የሚቆመው፣ ሲዞር ታስገባለች፣ ጀርባውን ሲሰጥ ታወጣለች፣ ባንቺአየሁ ብቻ ናት ከዚህ ቦታ ሆና ዕለት በዕለት ያየችው። እጁን ከወረቀቱ ላይ ያነሳል። ዳኛው፣ ይላል፣ አንተን ከጎንህ የሣለህ ሰው ዓይንህን አወጣው ማለት ነው? አይ፣ የኔታ። በል ሥራህን ሥራ።

ልጆቹ ሲወጡ አቶ በላቸው፣ ዲሬክተሩ፣ ይገባሉ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ግድግዳውን ይመለከታሉ፣ ዓርብ እንግዶች አሉ፣ ወላጆችም ተጠርተዋል፣ የሥዕልና የእጅ ሥራ ክፍላችን የሚያኮራ መሆኑን በዚህ አጋጣሚ፣ እያሉ ሦስተኛው አግዳሚ ጋ ይደርሳሉ፣ ድምፃቸው ይወርዳል። ክፉ ሰው አይደሉም። ቀብሩ ላይ ከሬሳው ሥር አልተለዩም። ምነው አቶ ማሩ፣ አንዲት ዓይን ቢጨምሩላት፣ ለርስዎ ብዬ ነው፣ ሰው ምን ይላል፣ እናቷ መጥታ ብታይስ። እሺ ይላል ማሩ። እሺ ማለት ይቀላል።

ብቻውን ሲሆን ብሩሹን ያነሳል። የት ትግባ፣ ጉንጩ ላይ፣ ጆሮው ጋ፣ በደረቁ ይሞክራል፣ ሳይነክር፣ እዚህ ካረጋት አፍንጫው መዞር አለበት፣ አፍንጫው ከዞረ ጆሮው ይሄዳል፣ ክሩ ይሄዳል፣ ምላሷ ትገባለች፣ ፊት ለፊት ታየዋለች፣ መልአክ። ብሩሹን ያጥባል። ወረቀቱን ሳይታጠፍ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ያረጋል። አመለወርቅ ዓርብ ሰው መሐል ከምታየው ዛሬ ትየው፣ አይሆንም ካለች አይሰቀልም፣ የቄስ ልጅ ናት፣ አንድ ዓይን ምን እንደሆነ ከዳኛው ይልቅ ታውቃለች፣ ልጄን ይሁዳ አድርጋችሁ አመጣችሁልኝ ካለች ምን ይመልሳል፣ ቁልቁለቱን ይወርዳል፣ ማኪና ያልፋል፣ አቧራ፣ ወረቀቱን በጋቢው ይሸፍናል።

አመለወርቅ በሩ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ይዘረጋላታል። የማነው ሳትል ሰፌዱን ታስቀምጣለች፣ እጇን ቀሚሷ ላይ ትጠርጋለች፣ ትይዘዋለች። ባንቺአየሁ ናት የሣለችው ይላል፣ አብራት የምትቀመጠው። እሱ ዓይኑን ምስሩ ላይ ይተክላል፣ ጠጠር አለ፣ ሌላ ጠጠር፣ አሁን ትላለች፣ አሁን።

ምላስሽን አስገቢ አላልኩሽም?

ለሱ አይደለም። ለወረቀቱ ነው፣ ድምፁ የድሮው ነው፣ የሠርክ ቁጣ፣ ወጥ እያማሰለች የምትቆጣው። ጣቷ ጆሮው ጋ ሄዶ ክሯን ሊነካ ይልና ይመለሳል። ቆይታ፣ ሌላው ዓይኗስ ትላለች።

በመስኮቱ በኩል ነው ይላል።

ታስባለች። ወረቀቱን ትንሽ ታዘነብለዋለች፣ ከጎኑ ዞሮ እንደሚያይ ሰው፣ ከዚያ ታቃናዋለች። ዓርብ ስትሰቅለው፣ ትላለች፣ ሚስማሩን ዝቅ አርገህ ምታው፣ ከአግዳሚው ልክ እንዳይበልጥ። ትልቅ ትልቁ ሰው ጎንበስ ብሎ ይያት።