ጠብቆና ላልቶ

አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ መኪናቸውን ባስነሡ ቁጥር ልጃቸው ወይንእሸት የያዘችውን ሁሉ አስቀምጣ ትቆማለች። ወጥ እያማሰለች ከሆነ ማማሰያውን፣ የተማሪ ፈተና እያረመች ከሆነ እስክሪብቶዋን ታኖራለች። የሞተሩ ድምፅ ከግቢ ወጥቶ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ሞጣ ገበያ ዳር እስኪደርስ በጆሮዋ ትከተለዋለች። ተመልሶ የግቢው በር ሲከፈት ነው ትንፋሿ ወደ ቦታው የሚገባው።

መኪናዋ ጣሊያን ሠራሽ፣ የድሮ ስፖርት መኪና ነች። ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች። ጣሪያዋ ሸራ ነው፤ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ሆዷ ለመሬት የቀረበ ስለሆነ ኮረኮንች ላይ ስትወጣ ድንጋዩ ሁሉ ሰላም ይላታል። ቀለሟ ቀይ በመሆኑ የሞጣ ሰው "በርበሬ" ብሎ ስም አውጥቶላታል። በንጉሡ ጊዜ አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ የመንገድ ቀያሾች ሾፌር ነበሩ፤ አለቃቸው የነበረው ጣሊያናዊ መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶላቸው ሄደ። ደርግ ሲመጣ ሌላው ሰው እህል ሲደብቅ እሳቸው መኪና ደበቁ። በርበሬ ጉንደ ወይን፣ ዘመድ ጎተራ አጠገብ፣ ጭድ ለብሳ ያንን ዘመን አሳለፈች። ወንበሯን አይጥ ከመብላቱ በቀር ምንም አልሆነችም።

አሁን ችግሩ መኪናዋ ሳትሆን ዓይናቸው ነው። ሁለቱንም ሞራ እየሸፈነው መጥቷል። ሐኪሙ ባሕር ዳር ሄደው እንዲያስጠርጉት ቢነግራቸው "እስቲ ዓውደ ዓመቱ ይለፍ" ብለው ነበር፤ ስንት ዓውደ ዓመት አለፈ። ከፋሲካ በፊት በነበረው ገበያ በርበሬ የቆመችው አፍንጫዋ የአንዲት ጨው ሻጭ ከረጢት ላይ ካረፈ በኋላ ነው። ሴትዮዋ ጮኸች፤ ሰው ተሰበሰበ። አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ቤት ሲገቡ "አይቻት ነው፤ ጨው ልገዛ ስጠጋ ነው" አሉ። ጨው ግን ይዘው አልመጡም።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ሚያዝያ ሃያ ሦስት ነበር። በልጅነታቸው ቅኔ የቆጠሩት ዲማ ጊዮርጊስ ነውና በየዓመቱ በዓሉን ለማንገሥ ይሄዳሉ። እስከ ብቸና በበርበሬ፣ ከዚያ ወዲያ ከሌላው መንገደኛ ጋር በእግር። ዘንድሮም "እነዳለሁ" ብለዋል። ያ መንገድ ምን እንደሚመስል፣ ዳሩም ገደል እንደሆነ ወይንእሸት ታውቃለች። ዓይኑ ደህና የሆነ ሰው እንኳ ጭነት መኪና ከፊቱ ሲመጣ ዳር ይዞ ቆሞ ነው የሚያሳልፈው።

በፋሲካ ዕለት ማታ፣ ሰው ሁሉ ጠግቦ ዝም ሲል፣ እንደ ምንም ብላ ተናገረች።

"አባዬ፣ በርበሬን ብንሸጣትስ?"

ይቆጣሉ ብላ ነበር። እሳቸው ግን "ገዥ አምጪና ልየው" አሉ።

ገዥ መጣ፤ ተመለሰም። የመጀመሪያው ገና ሳይቀመጥ የበርበሬን ጎማ በጫማው መታ። "እግሯን እንደረገጥካት ይቅርታ ጠይቃትና ሂድ" ብለው አሰናበቱት። ሁለተኛው "ብረቱ መጥፎ አይደለም" አለ፤ ብረት ፈላጊ ነህ ብለው ቀጥቃጭ ቤት አሳዩት። በዓሉ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞን እንቅልፍ አጥታ ያደረችው ወይንእሸት ረቡዕ ጠዋት ሦስተኛውን ገዥ ከብቸና አውቶቡስ ተቀበለች።

ደምለው ይባላል። ብቸና ላይ ጋራዥ አለው። ሐሳቡ በርበሬን የሙሽራ መኪና ማድረግ ነው፤ ሰርጉ በሚበዛበት በዚህ ወቅት ከደጀን እስከ ሞጣ እሷን የመሰለች የለችም። አብሮት የኔሰው የሚባል ደላላ መጥቷል። ደምለው ዝምተኛ ነው፤ የእሱን ድርሻ ንግግር የኔሰው ጨርሶለታል።

አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ጥላ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው አዳመጡ። ደምለው መኪናዋን ከመንካቱ በፊት "ልያት አባቴ?" ብሎ ጠየቀ። መዳፉን በኮፈኗ ላይ ሳይጫን አሳለፈ። ተንበርክኮ ሆዷን አየ። ከዚያ አስነሣት፤ ነዳጅም ሳይረግጥ እስክትሞቅ ጠበቃት። ሽማግሌው ይህን በጆሯቸው ሰምተው ራሳቸውን በይሁንታ ነቀነቁ። ወይንእሸት ከበሩ አጠገብ ቆማ ይህን አየች፤ ጸሎት የሚመስል ነገር በሆዷ አለፈ።

"እንግዲህ ጋሼ፣ ዋጋውን እናውራ" አለ የኔሰው። "ይቺ እኮ ጣሪያ የላትም። የጣሪያውን ይቀንሱልን።"

"ጣሪያ የሌላት ሰማይ ስላላት ነው። የሰማዩን ልጨምርብህ?"

"ኧረ ጋሼ። ኋላ ወንበርም የላትም። ሚዜው የት ይቀመጣል?"

"ሚዜ በእግሩ ይከተል። የበላው ይወርድለታል።"

ደምለው ሣቁን በእጁ ሸፈነ። የኔሰው ግን የሚበገር አልነበረም። ወንበሩን የአይጥ፣ ሞተሩን የጡረተኛ አለ። ሽማግሌው "አይጡ በደርግ ጊዜ ነው የበላው፤ አቤቱታ ካለህ ወደዚያው አቅርብ" አሉት። እንዲህ እየተባባሉ አንዱ ሲወርድ አንዱ ሲወጣ፣ ከቀትር በፊት ዋጋው ሁለቱም የማያማርሩበት ቦታ ላይ አረፈ። ደምለው ቀብዱን ከደረት ኪሱ አወጣ። አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ አንድ እጃቸውን ዘረጉ፤ በሌላው የበርበሬን ቁልፍ ይዘዋል።

"እንዲያው ለማወቅ ያህል" አሉ እጃቸውን እንደ ዘረጉ፣ "ወስደህ መጀመሪያ ምን ታደርጋታለህ?"

ደምለው ፊቱ በራ። ከመጣ ጀምሮ ስለሚያውቀው ሥራ ሲጠየቅ ይህ የመጀመሪያው ነው።

"መጀመሪያማ እፈታታለሁ።"

የተዘረጋው እጅ ቆመ።

"ምን አልከኝ?"

"እፈታታለሁ አባቴ። አንድ በአንድ።"

እጁ ተመልሶ ጋቢ ውስጥ ገባ፤ ቁልፉም ተከተለው። ደምለው ምን እንዳጠፋ አልገባውም። የኔሰው ነገሩን ሊያበርድ ፈለገና "ምን አለበት ጋሼ፣ እንዲህ ያለች መኪና ዕቃዋ ብቻ ተፈትቶ ቢሸጥ እንኳ ያዋጣል" አለ። ደምለው በክርኑ ጎሰመው፤ ግን ቃሉ ወጥቷል።

"ደርግ ያልፈታታትን የብቸና ሰው ሊፈታታት" አሉ አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። "በጭድ ቀብሬ ያኖርኳት በሯ ለአንዱ፣ ጎማዋ ለሌላው እንዲከፋፈል ነው? አልሸጥም። ምሳ በልታችሁ ሂዱ። ነገ ጊዮርጊስ ነው፤ እኔው ነድቻት በደጃችሁ አልፋለሁ። ያኔ ታዩዋታላችሁ።"

በርጩማው ተንቀሳቀሰ። ሊነሡ ነው። ወይንእሸት ዓይኗ ላይ መጀመሪያ የመጣው የጨው ሻጯ ከረጢት ነው፤ ቀጥሎ ገደሉ። ክፍል ውስጥ ስልሳ ተማሪ ፊት ቆማ ታስተምራለች፤ አባቷና እንግዳ ባሉበት ግን ስትጠየቅ ብቻ የምትመልስ ልጅ ነች። ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ ተናገረች።

"አባዬ፣ ጠብቆ ነው የሰሙት።"

አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ግማሽ ተነሥተው ቀሩ።

ይህ የሁለቱ ቋንቋ ነበር። ፊደል ሳትለይ ጀምሮ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ አንድ ቃል ሲጠብቅና ሲላላ ሁለት እንደሚሆን ያስተምሯት ነበር። "አለ" ቢላላ ተናገረ፤ ቢጠብቅ ኖረ። ጽሕፈቱ አንድ ነው፤ አፍ ነው የሚለየው። ካደገች ወዲህ ግን እንዲህ ያለ ጨዋታ በመካከላቸው ከቀረ ቆይቷል።

"ላልቶስ?" አሉ ቀስ ብለው እየተቀመጡ።

"ላልቶማ…" ጣቶቿን እርስ በርስ አጠላለፈች። "ላልቶማ ጠብቆ እንደሚባለው ብሎን አይፈታም። የታሰረችውን እፈታታለሁ፣ ከእስሯ አወጣታለሁ ነው።"

"ማን አሰራት?"

ይህን አላሰበችበትም ነበር።

"እኛ ነና። ከጉንደ ወይን ጭድ አውጥተን እዚህ ግቢ አሰርናት። ከቤት ገበያ፣ ከገበያ ቤት። እሱ ሙሽራ ሊያስጭናት ነው። እልልታ ልትሰማ ነው።"

አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ በአፍንጫቸው ሣቁ። አንዲት ትንሽ ሣቅ ነች፤ ግን ወይንእሸት ሰማቻት። ከዚያ ፊታቸውን የደምለው ድምፅ ወዳለበት መለሱ።

"አንተስ? ጠብቆ ነው ላልቶ ያልከው?"

ደምለው ወይንእሸትን አየ። እሷም መልሱን በዓይኗ ልትነግረው ሞከረች፤ ላልቶ በል፣ ላልቶ። የኔሰውም ከኋላ "ላልቶ ነው ጋሼ፣ በጣም ላልቶ" አለ።

ደምለው ኮፍያውን በእጁ አገላበጠ።

"እኔ እንኳ ጠብቆ ነው ያልኩት አባቴ" አለ። "ዋሽቼ ብወስዳት ደስ አይለኝም። ቅኔ አላውቅም። ሞተሯን እፈታታለሁ፤ እያንዳንዱን አጥቤ፣ ዝገቱን ጠርጌ፣ የነበረበት ቦታ መልሼ እገጥመዋለሁ። ለሌላ መኪና የምትሄድ አንዲት ብሎን የለችም። ሳልፈታት ባስነዳት ግን ሙሽራ ይዛ መንገድ ላይ ትቀራለች።"

ወይንእሸት ዓይኗን ጨፈነች። አለቀ ብላለች።

"ይኸው" አሉ አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ። "ቅኔስ ቢሆን ሳይፈታ ማን አጣጥሞት ያውቃል? እኛስ ዲማ የተቀመጥነው ምን ልናደርግ ነው፤ ልንፈታ ልንገጥም። እሷ ላልቶ አነበበችው፣ አንተ ጠብቆ። አንዱ ብቻ ቢሆን ጎዶሎ ነበር።" ለየኔሰው ደግሞ፣ "አንተ ግን ከእንግዲህ ወዲህ ሳትጠብቅም ሳትላላም ዝም በል።"

እጃቸው ከጋቢው ወጣ። ቀብዱን ተቀበሉ፤ ቁልፉን በደምለው መዳፍ ላይ አኖሩት። ወዲያው ግን አልለቀቁትም፤ ጥቂት ያዙት። ከዚያ ለቀቁት። ውሉን በዓሉ ካለፈ በኋላ ሊዋዋሉ ተስማሙ።

ወይንእሸት በሩን ደገፍ አለች። ልታለቅስ ይሁን ልትሥቅ ለራሷም አልለየላትም።

ደምለው አሁን ደፈር ብሎ "እንግዲህ አባቴ፣ ምርቃት ይጨምሩልኝ" አለ። ምርቃት ያለው ገበያተኛ እንደሚለው ነው፤ የተገዛው ላይ በነፃ ጣል የሚደረገውን። ትርፍ ጎማ ወይም ክሪክ ጠብቆ ነበር።

"ምርቃቱማ እኔ ነኝ" አሉ አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ። "ዛሬውኑ ብቸና ታደርሰኛለህ። ነገ በዓሌን አነግሣለሁ።"

"በደስታ።"

"መንገዱን እኔ እነግርሃለሁ፤ የት ጋ ጉድጓድ እንዳለ በቃሌ ነው የማውቀው። ማየቱን ግን አንተ እይልኝ።"

ይህን ሲሉ ፊታቸው ወደ ደምለው ነበር። ወይንእሸት ግን ለእሷ የተባለ እንደሆነ አወቀች። ዓይናቸው እንደ ደከመ እስከ ዛሬ ለማንም ተናግረው አያውቁም።

"ጋሼ፣ እኔስ?" አለ የኔሰው። "ሁለት ሰው ነው እኮ የምትይዘው።"

"ኋላ ወንበር እንደሌላት ጠዋት አንተው ነግረኸኛል። አውቶቡስ አለልህ።"

ምሳ በልተው ሲነሡ አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ነጭ ለበሱ፣ መቋሚያቸውን ያዙ። ከልማድ ወደ መሪው በኩል ሄደው ነበር፤ ወይንእሸት ክንዳቸውን ይዛ በወዲያኛው በኩል አዞረቻቸው። በራሳቸው መኪና ከመሪ ሌላ ቦታ ተቀምጠው አያውቁም። እጃቸው የበሩን መክፈቻ ሲፈልግ እሷ አገናኘችው።

"ወይንእሸት" አሉ ተደላድለው ሲቀመጡ። "ጊዮርጊስን አንግሼ በአውቶቡስ እመለሳለሁ። ከዚያ ያን የባሕር ዳሩን ነገር እናየዋለን።"

"እሺ አባዬ።"

"እናየዋለን አልኩሽ። ቅኔ ነው።"

"ገብቶኛል።"

ደምለው በርበሬን በቀስታ ከግቢ አወጣት። የኔሰው "ደላላ በእግሩ፣ ምርቃት በመኪና" እያለ ወደ መናኸሪያ ወረደ። ወይንእሸት በሩን ዘጋችና ወደ ቤት ገባች። ጠረጴዛው ላይ የተማሪዎቿ ፈተና ተዘርግቷል። የሞተሩ ድምፅ ቁልቁለቱን ሲወርድ ይሰማል፤ ገበያው ዳር ሲደርስ ጡሩምባው ሁለት ጊዜ ተነፋ።

ከዚያ በኋላ የት እንደ ደረሰ አላወቀችም። እስክሪብቶዋን አንሥታ ማረም ጀምራለች።