የአሮጌው አምፕሊፋየር እምምታ

ሻለቃ የጊታሩን ድምፅ የምትቀይረውን ሰማያዊ ፔዳል በጫማው ጫፍ ገፈተራት። ፔዳሏ ገመዷን እየጎተተች ሄዳ ከከበሮው እግር ጋር ተላተመች።

«ይሄ ነው ጃዝ?» ብሎ ጮኸ። «ቆርቆሮ ነው! ጣሪያ ላይ ጠጠር የሚዘንብ ነው የሚመስለው!»

ወታደር ሆኖ አያውቅም፤ ሻለቃ የሚለውን ማዕረግ የሰጠው ቁጣው ነው። ባንዱ ሃያ ሁለት ዓመት ቁጣውን ችሎ የኖረው ግን ያለ ምክንያት አይደለም። ሻለቃ ጊታሩን ሲነካ እራት የሚበላ ሰው ማንኪያውን ያስቀምጣል። ያ ድምፅ፣ እሱ እንደሚለው፣ ግማሹ ከጣቱ፣ ግማሹ ከአባቱ ከወረሰው አምፕሊፋየር ነበር የሚወጣው። ሁለት ሰው የሚሸከመው፣ ሆዱ ውስጥ የመስታወት አምፖሎች የሚግሉበት፣ ሲበራ እምምም እያለ የሚነቃ የድሮ ዕቃ ነው።

ዛሬ ጠዋት የልምምዱ ክፍል ሲገባ አምፕሊፋየሩ በቦታው አልነበረም። በምትኩ አራት ፔዳሎች ከክፍሉ ድምፅ ማጉያ ጋር ተያይዘው፣ ጣውላ ላይ ተደርድረው ጠበቁት። ያስወጣችው የባንዱ ዘፋኝ፣ ታናሽ እህቱ ናት።

«የት ወሰድሽው?»

«ቴክኒሻኑ ጋ።»

«ማንም እንዳይነካው ብዬ አልነበረም?»

«ብለሃል ጋሼ። እነዚህ የድሮውን ድምፅ ያወጣሉ ብሎኛል። ሞክራቸው እስቲ።»

ምክንያቷን ቢጠይቃት «አርጅቷል» ብላ ፊቷን አዞረች። ደሙን ያፈላው ይሄ ነው። እሱም ልክ ልኳን ነገራት፤ እስከ ስድስት ሰዓት የአባቱ ድምፅ ካልመጣ ጊታሩን ይዞ ከባንዱ ይወጣል፣ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት በሚጫወቱበት ሆቴል መድረክ ላይ ያለ እሱ ትቁም።

«በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ፣ በራሷ አሳጠረች አሉ» አለ ቤዝ መቺው ለራሱ፣ ግን እንዲሰማ አድርጎ።

«አንተን ማን ጠየቀህ!»

እየተሳደበም ቢሆን ሄዶ ፔዳሏን አነሳትና ተንበረከከ። የቆርቆሮው ድምፅ የመጣው የአምፕሊፋየሩን መቆጣጠሪያ ቁጥሮች እንዳሉ ወደ ፔዳሎቹ ስለገለበጠ ነበር፤ ሃያ ዓመት በጣቱ የሚያውቃቸው ቁጥሮች እዚህ አልሠሩም። አሁን ቁጥሩን ትቶ በጆሮው ሄደ። ቀጭኑን ድምፅ ከሞላ ጎደል ዘጋው፣ መካከለኛውን ከፍ አደረገ። ድምፁን የምታሻክረዋ ሰማያዊዋ ፔዳል ጠንከር አድርጎ ሲመታ ብቻ እንድትሰማ፣ እየመለሰ እየመላለሰ አለዘባት። ማሚቶ የምትሰጠዋንም ጥቂት ብቻ ከፈታት። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ክሮቹን አንድ ላይ ሲመታቸው ኮርዱ ሞቆ፣ ክብ ሆኖ መጣ። ቤዝ መቺው እንኳ ከስልኩ ቀና አለ።

«አንድ ነገር ይጎድለዋል» አለ ሻለቃ። «እምምታው።»

የጎደለውን መሳቢያ ውስጥ አገኘው። ፔዳልን ከግድግዳው ኤሌክትሪክ የሚያገናኝ፣ እምም ያሰኛል ተብሎ የተጣለ ርካሽ አዳፕተር ነበር። ደህናውን ነቅሎ እሱን ሰማያዊዋ ፔዳል ላይ ሰካው። እምምታው ክፍሉን ሞላው፣ ሻለቃም ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

«በይ ግቢ!» አላት እህቱን፣ የዘፈኑን መግቢያ እየመታ።

እህቱ ከንፈሯን ወደ ማይኩ አስጠጋች። ከዚያ ሳትዘፍን እንደተገፋ ሰው ወደ ኋላ አለችና አፏን በመዳፏ ሸፈነች።

«አሁን ደግሞ ምን ሆንሽ?»

«ምንም።»

«እንዴት ምንም! ድምፁ መጣልሽ እኮ! ወይስ ጥላቻሽ እኔ ላይ ነው? ድሮ የመጨረሻውን ዘፈን እጅሽን አንገቴ ላይ ጥለሽ ነበር የምትዘፍኚው። ስምሽ ሲገንን ተጠየፍሽኝ! ስምንት ዓመት ችዬሻለሁ!»

እህቱ እጇን ከአፏ አነሳች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ግን እሷም ተቆጥታለች፤ ቁጣ እንደሆነ ከዘራቸው ነው።

«ይነዝረኝ ነበር!» አለች። «አንተ ጊታሩን ይዘህ፣ እኔ አንገትህን ይዤ ከንፈሬ ማይኩን ሲነካ ይነዝረኝ ነበር! ከንፈሬ አብጦ ታይቶህ ጥርሴን አሞኝ ነው ያልኩህን ረሳኸው? ባለፈው ሳምንት ማይኩን እንደያዝኩ ጊታርህን ሳቀብልህ ጣቴ አልላቀቅ አለኝ። ያ የምትወደው እምምታ ኤሌክትሪኩ ሲያፈስ ነው አለ ቴክኒሻኑ፤ አሁንም ስሰማው የሚነዝረኝ መስሎኝ ነው የሸሸሁት። ድሮ እሱ ራሱ ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የምታወርድ አንዲት ሽቦ ልቀጥልለት ቢልህ ምን ነበር ያልከው?»

ሻለቃ ያለውን አልረሳም። «የአባቴ እጅ ያረፈበትን የሚከፍት እጁ ይቆረጥ» ነበር ያለው፣ ያውም ሰው ፊት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ይኸው እንደዚህ ትጮሃለሃ!»

«ብጮህስ? ብትሞቺስ ኖሮ?»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸት ነው፤ ይነቅዛል። ሻለቃ በእህቱ ዝምታ ተናደደ፣ በሟች አባቱ ዕቃ ተናደደ፣ ከሁሉ ይልቅ እህቱን የሚነዝረውን ድምፅ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያጣጥም በኖረ በገዛ ጆሮው ተናደደ። የሚመታው ነገር ፍለጋ ዙሪያውን አየ።

ቤዝ መቺው ጉሮሮውን ጠረገ። «ይሄኛው እንኳ ማንንም አይነዝርም ሻለቃ። ዘጠኝ ቮልት ድንቢጥም አይገድልም። ድምፁ ደግሞ ቁርጥ የድሮው ነው፤ ምን አለ ብትተወው።»

«አፍህን ዝጋ!»

ተንበርክኮ አዳፕተሩን ከግድግዳው ነቀለው። ከጊታሩ ሳጥን ውስጥ ትንሽ ባትሪ አወጣ፣ የፔዳሏን ሆድ ከፍቶ ከተተና ኮርዱን መታ። እምም የማይል ጥሩ ድምፅ ነበር፤ የአባቱ ግን አልነበረም።

«ስድስት ሰዓት ሆኗል ጋሼ» አለች እህቱ።

«ሰዓት ማን ጠየቀሽ?» አለ ሳይዞርላት። «ግቢ። ከመጀመሪያው።»