ሚጢጢ የጠላችው ቃል

ሰው እባብ ይፈራል፣ ጨለማ ይፈራል፣ አማቱን ይፈራል። ሚጢጢ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ የማትችለው አንድ ቃል ነበር። ስድብ አይደለም፤ እርግማንም አይደለም። ማድ ቤት የገባ ሰው ሁሉ እንደ ዋዛ የሚለው ቃል ነው፦ ሙክክ። «ድንቹ ሙክክ ብሏል» የሚል ሰው ከተገኘ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይሰበሰባል፣ የክንዷ ጸጉር ይቆማል፣ ማጅራቷ ላይ አንድ ለስላሳ፣ ለብ ያለ ነገር የተለጠፈባት ይመስላታል። ድንቹን ትወደዋለች። ጠቧ ከቃሉ ጋር ነው።

«በደንብ በስሏል ብትሉ ምን ይጎድልባችኋል?» ትላለች ፊቷን አኮማትራ።

እናቷ በሕይወት ሳለች «የልጅ አመል ነው» ብላ ቃሉን ከቤት አስወጣችው። አባቷ ግን ጸጉር አስተካካይ ነበር፤ የጸጉር አስተካካይ ምላስ ደግሞ ከመቀሱ ይፈጥናል። ሚጢጢ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በጸጉር ቤቱ በኩል ማለፍ ነበረባት። አባቷ ያያትና፣ ነጭ ጨርቅ የለበሰውን ደንበኛውን ፊቱን በሳሙና አረፋ እንደሸፈነው ትቶ፣ ምላጩን አየር ላይ አቁሞ «እስቲ አሁን ጉድ እዩልኝ» ይላል። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዷን ፊደል ከረሜላ እንደሚመጥ ሰው እያጣጣመ፣ «ሙ... ክ... ክ!» እሷ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ትፈተለካለች። ተራ የሚጠብቁት ሽማግሌዎች ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ፤ የሚላጨው ሰውዬ አረፋው ጨርቁ ላይ እስኪረግፍ ይስቃል።

ክፋት አልነበረበትም። ይህን እሷም ታውቅ ነበር። ሌላው አባት ልጁን እንግዳ ፊት ግጥም እንደሚያስብላት፣ እሱም በእሷ መኩራራቱ ነበር። ማታ ጭኑ ላይ አስቀምጧት «ይህ ነገር ከየት እንደመጣብሽ እኮ እኔ አውቃለሁ» ይላታል።

«ከየት ነው አባባ?»

«ስትዳሪ እነግርሻለሁ።»

ሳትዳር ቀረች። እናቷ ሞተች፤ ታላቅ ወንድሟ ሩቅ ሀገር ሥራ አግኝቶ ሄደ፤ ሚጢጢ መነጽር ቤት ተቀጥራ መስታወት በሚሞርደው ድንጋይ ላይ እያጎነበሰች ጎልማሳ ሆነች። አንድ ሰው ግን መጥቶ ነበር። አንገቱን ደፋ ያደረገ፣ ለዓይኑ ወፍራም መነጽር የሚያስፈልገው መምህር። አንድ እሑድ ከአባቷ ጋር ሊተዋወቅ ለምሳ ተጠራ። አባቷ መጀመሪያ ላይ ጨዋ ሆኖ ቆየ። የምሳው ክዳን ሲነሳ ግን አመሉ አሸነፈው። እንግዳውን በክርኑ ነካ አድርጎ «አሁን እያት» አለና ቃሉን ጣል አደረገው። የሚጢጢ ማንኪያ ከእጇ ወደቀ። መምህሩ መጀመሪያ ግራ ገባው፤ ነገሩ ሲነገረው ከልቡ ሳቀ፤ ሊቀልድ ፈልጎም ራሱ ደገመው።

እንግዳው ከሄደ በኋላ ሚጢጢ ሰሃኑን ሳታነሳ አባቷ ፊት ቆመች።

«አባባ፣ ይህን ቃል ካፍህ ዳግመኛ ብሰማ ይህን ቤት ለቅቄ እወጣለሁ። አስክሬንህን ለመቅበር እንኳ አልመለስም።»

ሰውዬው ሊስቅ ጥርሱ ብቅ አለ። ፊቷን ሲያይ ጥርሱ ተመለሰ። «እሺ» አለ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ የእሷም ቃል አልተመለሰም፣ የእሱም እሺታ አልታጠፈም። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ቤት ቃሉ አልተሰማም። ምግብ ሲቀርብ «ድንቹ...» ይልና አባቷ ቆም ይላል፤ ጉሮሮው ወደ ላይና ወደ ታች ሲሄድ ታያለች፤ ከዚያ «ደርሷል» ይላል። አንድ ቃል ሲውጥ ግን ከቃሉ ጋር ሌላም ነገር አብሮ ዋጠ። ሰፈሩን በተረብ ያስጨንቅ የነበረው ሰው፣ ቤቱ ሲገባ ወሬውን እንደ ተሰበረ ብርጭቆ እየመረጠ የሚያነሳ ሆነ። ሚጢጢ ይህን ማየት አልከፋትም ማለት ውሸት ነው። ግን ደግሞ አረፈች። መምህሩም በዚያው ቀረ።

አባቷ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ጸጉር ቤቱን ዘጋ። አንድ ጠዋት እሷ ወደ ሥራ ልትወጣ ጫማዋን ስታስር መታጠቢያ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ዱብ አለ። ሮጣ ስትገባ አባቷ ወለሉ ላይ ተቀምጧል፤ ግማሽ ፊቱ ተላጭቷል፣ ግማሹ አረፋ ነው፤ አፉ ወደ አንድ ወገን ተጣሟል።

ሆስፒታል ውስጥ ዓይኑን ሲገልጥ አልጋው አጠገብ ነበረች። አያት፤ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ለመናገር ታገለ። ከዚያ ጥርት ባለ ድምፅ፣

«ሙክክ» አለ።

ሚጢጢ ክው አለች። ለአንዲት ቅጽበት፣ ይህን በኋላ ለማንም አልተናገረችም፣ ሊቀልድባት መስሏት ተናደደች። ዓይኑን ስታይ ግን ከእሷ በላይ የደነገጠው እሱ ነበር። እንደገና ሞከረ። «ሙክክ። ሙክክ፣ ሙክክ...» ደህነኛውን እጁን አንስቶ የገዛ አፉን ሸፈነ።

ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ ነገሩን ረጋ ብሎ አስረዳት። «የንግግሩ ቦታ ተጎድቷል። አንዳንድ በሽተኛ ቋንቋው ሁሉ ጠፍቶ አንድ ቃል ብቻ ይቀርለታል። ሐሳቡ አልጠፋም፤ የሚናገረውን ያውቃል፤ ሲወጣ ግን ያው አንዱ ነው የሚወጣው።»

«ለምን ይሄ ቃል ሆነ? ከስንት ዓመት ወዲህ እኮ ተናግሮት አያውቅም።»

«ማንም አያውቅም። ሰውየው አይመርጠውም።»

አፍራ፣ ድምፅዋን ቀንሳ የራሷን ነገረችው። ሐኪሙ አልሳቀም። «ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ቃል አለው» አላት። «አንዱ ድምፁን ይጠላል፣ አንዱ በሐሳቡ የሚመጣበትን ነገር ይጠላል። ከየት እንደመጣበት የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።»

«መድኃኒቱስ?»

ሐኪሙ ትከሻውን ሰበቀ።

አባቷን ወደ ቤት አመጣችው። ውሃ ሲጠማው ሙክክ ነው። ትራሱ ሲጎረብጠው ሙክክ ነው። ሽንቱ ሲመጣ፣ ጎኑን ሲያመው፣ መጋረጃው እንዲከፈት ሲፈልግ፣ ስሟን ሲጠራ፣ ሁሉም ያው ነው። የውሃውን ከሕመሙ፣ ልመናውን ከቁጣው በዜማው መለየት ተማረች። አእምሮ ይማራል፤ ቆዳ ግን አልማር አለ። በጠራት ቁጥር ማጅራቷ ይኮማተራል። አንዳንዴ ከክፍሉ ወጥታ ማድ ቤት ትሄድና ቧንቧውን ከፍታ ታስመልሳለች።

አክስቷ፣ የአባቷ ታናሽ እህት፣ ልታግዝ ትመጣ ነበር። ነገሩን ለማቅለል «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወንድሜ ደግሞ ከቃል ሁሉ መርጦ ይህን ይዞልኛል!» ብላ ቀለደች። ሚጢጢ ሳትስቅላት ስትቀር ቀረብ አለች።

«እኔ እኮ ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ጡት ስትጥይ እናትሽ አብዝታ የቀቀለችውን ካሮት በግድ ታጎርስሽ ነበር። ያ ነው።»

ወንድሟ በስልክ «ምን ካሮት አመጣች ደግሞ!» አለ። «በባዶ እግርሽ የበሰበሰ ሙዝ ረግጠሽ አልነበር? እኔ ነኝ እግርሽን ያጠብኩሽ።»

ሚጢጢ ካሮቱንም ሙዙንም በሐሳቧ አገላበጠችው። አንዱም ምንም አልቀሰቀሰባትም። የሰው ወሬ መሰላት። አንድ ከሰዓት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አባቷን ጠየቀችው።

«አባባ፣ አውቃለሁ ትለኝ ነበር። የእውነትህን ነበር? ወይስ ልታሾፍብኝ ነው?»

ሰውዬው ግንባሩ ተጨማደደ። የሚናገረው ብዙ ነገር ነበረው፤ ፊቱ ላይ ተሰልፎ ይታያል። አፉን ከፈተ። «ሙክክ። ሙክክ፣ ሙክክ ሙክክ...» ረጅም ታሪክ ነገራት፤ መጀመሪያም መጨረሻም ያለው፣ መሃል ላይ ድምፁ የሚሰበር። እሷ እስከ መጨረሻው ለመስማት ጥርሷን ነከሰች። መቻል አቃታት። ሳታስበው ጆሮዋን ያዘች፤ ልክ እንደዚያች የትምህርት ቤት ልጅ።

አባቷ አያት። ንግግሩን በመሃል አቆመ።

ከዚያ ወዲህ እየቀነሰ መጣ። መጀመሪያ አፉን በእጁ እየከደነ ይናገር ነበር። ቀጥሎ በጣቱ መጠቆም ጀመረ፤ ቀጥሎ የአልጋውን እንጨት ማንኳኳት። በመጨረሻም ማንኳኳቱን ተወ፤ እሷ መጥታ እስክታየው ይጠብቃል። ሚጢጢ ለአክስቷ «ተረጋጋልኝ፣ ተሻለው መሰለኝ» አለቻት። በዚያ ሰሞን ምግብ ይስማማት ጀመር። እንቅልፍም ወሰዳት።

አንድ እሑድ ምሳውን አብልታ፣ አጣጥባ አስተኛችውና በሩን ገርበብ አድርጋ ወደ ሳሎን ወጣች። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ነበር። የመጋረጃ ጠርዝ እየሰፋች ተቀመጠች። ከግድግዳው ወዲያ ምንም ድምፅ የለም። ክሩን በጥርሷ በጥሳ «ዛሬስ ተመስገን፣ ዝም አለልኝ» ብላ አሰበች። ጎረቤት የሆነ ሰው ሚስማር ይመታል። ሌላውን መጋረጃ ጀመረች። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ስትሸሽ ሻይ አፍልታ ይዛለት ገባች።

አልጋው ባዶ ነበር። አባቷ በአልጋውና በግድግዳው መሃል ወለሉ ላይ ወድቋል፤ አንድ እግሩ ሰው እግሩን በማያጥፍበት በኩል ታጥፏል። ሰውነቱ በረዶ ሆኗል፤ ፊቱ በላብና በእንባ ርሷል። የብርድ ልብሱን ጫፍ አፉ ውስጥ ጠቅጥቆ ጥርሱን ግጥም አድርጎ ነክሶታል።

«አባባ! አባባ!» ጨርቁን ጎትታ አወጣችው፤ የጥርሱ ምልክት ታትሞበታል። «ለምን አልጠራኸኝም? እዚሁ ነበርኩ እኮ! ለምን?»

አያት። ከንፈሩን ገጠመ።

«በል በለው! የፈለግኸውን በል! አይከፋኝም፣ ሙት አይከፋኝም!»

በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ። እሷ ተንበረከከች፤ ፊቱን በሁለት እጇ ያዘች፤ በሕይወቷ አንድም ጊዜ ያልተናገረችውን ቃል ራሷ ልታወጣው ታገለች። «ሙ... ሙክክ። ይኸው፣ እኔም አልኩት። ሙክክ በል አባባ። ሙክክ በለኝ...» ሦስተኛው ላይ ፊቷ ተኮማተረ። ልትደብቀው ሞከረች። ሰውዬው ግን ዕድሜውን ሙሉ የሰው ፊት ሲያይ የኖረ ጸጉር አስተካካይ ነው፤ ምን ይደበቃል? ቀስ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ዳሌው ተሰብሮ ነበር። ሆስፒታል ገባ፤ ሳንባው ታመመ፤ ሳይሰነብት አረፈ። ነርሶቹ ሲያገላብጡት፣ ሕመሙ ላቡን ሲያፈሰው እንኳ አፉን አልከፈተም። ያ ወጣት ሐኪም «ያቺም ቃል ጠፋችበት ማለት ነው» አለ። ሚጢጢ አላረመችውም።

ለቀስተኛ ቤቱን ሞላው። ድሮ ተራ ይጠብቁ ከነበሩት ሽማግሌዎች የቀሩት መጥተው፣ በግድግዳው ጥግ ተደርድረው ቀልዱን እያነሱ አለቀሱለት። ሚጢጢ በመሃላቸው ተቀምጣ፣ ከእንግዲህ ይህ ጥላቻ ሐዘኑ ውስጥ ተቃጥሎ አልቋል ብላ ታስብ ነበር፤ ቢያንስ ይህ ይገባኛል ብላ። ከማድ ቤት የአንዲት ጎረቤት ድምፅ መጣ፦ «ገና ነው፣ ትንሽ ሙክክ ይበል እንጂ!» ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ተሰበሰበ። የክንዷ ጸጉር ቆመ። ያው ነበር። ምንም አልጎደለበትም። ያኔ ነው ከልቧ ያለቀሰችው፤ ሰዎቹም «ይውጣላት» ብለው ተዉአት።

ወንድሟ ከቀብር በኋላ ደረሰ። ሻንጣውን እንደያዘ አቀፋት። ሰው ቀለል ሲል አጠገቧ ተቀመጠ።

«መጨረሻ ላይ ምን አለ?»

«ምንም።»

«አንድ ቃል እንኳ?»

«አንድም።»

ዓይኑን ጠረገ። «እኔስ ሩቅ ነበርኩ፤ ምን አፍ አለኝ» አለ። «የሚያጽናናኝ አንቺ አጠገቡ መሆንሽ ነው። ብቻውን አልሆነም።»

«አጠገቡ ነበርኩ» አለች ሚጢጢ። «በመሃላችን ግድግዳው ብቻ ነበር።»

ወንድሟ የእህቱ ታማኝነት መስሎት ግንባሯን ሳማት።