የክፍል ሙቀት

ሸዋሉል የኢንሱሊኑን ብልቃጥ ወደ በሩ ብርሃን አንስታ ገለበጠችው፤ እንደገና አቀናችው።

"ይሄ ከየት ነው የመጣው?"

"ከአከፋፋይ ነዋ፣ እህቴ፤ በበረዶ ሳጥን።" የፋርማሲው ባለቤት አቶ ዐወድ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። "ወላሂ፣ ባለፈው ወር ከወሰድሽው ጋር በአንድ ካርቶን የመጣ ነው።"

"እሱ ነው እንግዲህ የሚያስፈራኝ።"

አቶ ዐወድ አልሳቁም። ከኋላቸው ያለውን ፍሪጅ ከፍተው የተንጠለጠለውን ቴርሞሜትር አሳዩአት። አምስት ይላል። ሸዋሉል መጀመሪያ ቁጥሩን፣ ቀጥሎ ቴርሞሜትሩን፣ ቀጥሎ ሰውየውን አየች። ሁልጊዜ አምስት እንዲል ተደርጎ የተሠራ ቴርሞሜትር ይኑር አይኑር አታውቅም፤ ግን ሊኖር ይችላል።

"የልጅሽ የሐና ስኳር ስንት ሆነ?"

"ጠዋት ሦስት መቶ ሰማንያ።"

"ታዲያ እዚህ ቆመሽ ምን ትሠሪያለሽ? አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰጃት እንጂ!"

ሸዋሉል ይህንንም በልቧ መዘገበችው። ነጋዴ ደንበኛውን ወደ ሌላ ቦታ የሚሸኘው ምን ሲደብቅ ነው?

በዚህ መሀል ሁለት ሴቶች ደጃፉ ላይ ቆመው አንድ ስልክ ላይ አቀርቅረው ነበር። አንዷ ቀና ብላ አረንጓዴውን በር አየች፤ ተመልሳ ስልኩን አየች። ተያይዘው ሄዱ።

"ከትናንት ጀምሮ እንዲህ ነው" አሉ አቶ ዐወድ። "ሰው እስከ በሩ ይመጣል፤ ያየኛል፤ ይመለሳል። የሞትኩ መስሏቸው ይሆን?"

ሸዋሉል ብልቃጡን ሳትገዛ መልሳ አስቀምጣ ወጣች። ሴቶቹ የሚያነቡትን ታውቀዋለች። የጻፈችው እሷ ናት።

ከደብረ ማርቆስ ተዛውራ አሶሳ ከገባች አራት ዓመቷ ነው። በአንድ ቢሮ መዝገብ ቤት ደብዳቤ ትቀበላለች፣ ቁጥር ትሰጣለች፣ ማህተም ትመታለች። ቀን ያልተጻፈበት ደብዳቤ ይዞ የመጣ ኃላፊ መልሳ ታውቃለች። እንዲህ ያለች ሴት ስሙን የማታውቀውን ሰው ምክር ትሰማለች ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ነገር ግን ሐና በአሥር ዓመቷ ስኳር ሲገኝባት ሐኪሙ ለማስረዳት የነበረው ጊዜ አራት ደቂቃ ነው። የቴሌግራሙ ግሩፕ ሃያ አራት ሰዓት ክፍት ነው። አሥራ አንድ ሺህ አባላት አሉት። ያስገባት የቢሮው ሾፌር ምንይሉ ነው፤ እሱ ራሱ ስኳር የለበትም፣ ለኪንታሮቱ የገባበት ግሩፕ ሲበተን ወደዚህ ተዛውሮ ነው።

ግሩፑ አልበደላትም። መርፌው የትና እንዴት እንደሚወጋ፣ ልጅቷን ላብ ላብ ሲላት ምን እንደሚሰጣት የተማረችው ከሌሎች እናቶች ነው። የስኳር መለኪያው ስትሪፕ ከአሶሳ የጠፋ ጊዜ፣ አይታት የማታውቅ ሴት ከባሕር ዳር በአውቶቡስ ልካላታለች። ሸዋሉል አመሰገነቻት፤ ከዚያ የማብቂያ ቀኑን ሦስት ጊዜ አየች።

ፍሪጅ ስለሌላት ኢንሱሊኑን የምታስቀምጠው ጎረቤቷ ጁምዓ ሱቅ፣ በአምቦ ውሃውና በለስላሳው መካከል ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት የፌስታሉን ቋጠሮ እሷ እንደቋጠረችው ሆኖ አላገኘችውም።

"ማን ነካው?"

"ማን ይነካል? መዳኒት ነው፣ ለስላሳ አይደለችም" አላት ጁምዓ።

መልሱ ስለፈጠነባት አላመነችውም። ግሩፑን ስትጠይቅ አስተዳዳሪው "የተከፈተ ኢንሱሊን በክፍል ሙቀት እስከ አራት ሳምንት ይቆያል" ብሎ መለሰላት። የዚያኑ ዕለት ብልቃጡን ወደ ቤቷ ወሰደች፤ የልጅ እጅ ከማይደርስበት ከላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው።

ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ግን የሐና ስኳር መውጣት ጀመረ። መርፌው በሰዓቱ ነው፣ ምግቡም በልክ ነው፤ የቀረው መድኃኒቱ ብቻ ነው። ትናንት ከሰዓት ብልቃጡን በጣቶቿ ይዛ ፎቶ አነሳችና "የልጅ እናት" በሚለው የግሩፕ ስሟ ጻፈች፦ "አሶሳ ገበያው አጠገብ ያለው ባለ አረንጓዴ በር ፋርማሲ ውሃ በብልቃጥ እየሸጠ ነው። ልጆቻችሁን ጠብቁ።" እስከ ዛሬ ጠዋት ስድስት መቶ ሰው አጋርቶታል።

ቤቷ በር ላይ ከባጃጅ ስትወርድ ስልኳ ጮኸ። ከግሩፑ ኦሊያድ የሚባል ሰው ለብቻዋ ጽፎላታል። "እህቴ፣ ጉባ ግድቡ ላይ ኤሌክትሪሺያን ነኝ። እኔም ኢንሱሊን እወጋለሁ። ብልቃጡን የት ነው የምታስቀምጪው?"

"ምን አገባህ?" ብላ ጻፈች።

"አያገባኝም። ግን የት ነው?"

ሸዋሉል አሰበች። የፋርማሲው ሰው ዘመድ ሊሆን ይችላል። ቤቷን ማጥናት የፈለገ ሌባ ሊሆን ይችላል። ሚስት የሚፈልግም ሊሆን ይችላል። በመጨረሻ ሌላ ዕቃ እንዳይታይ አድርጋ የመደርደሪያውን ጥግ ብቻ አንስታ ላከችለት።

መልሱ በድምፅ መጣ፤ ከኋላው ማሽን ያጓራል። "ከብልቃጡ አጠገብ ያለው ጠርሙስ ምንድን ነው? ዘይት ነው?"

"ቅቤ ነው። እናቴ ከአገር ቤት የላከችልኝ።"

"ቅቤ ከሆነ ለምን ፈሳሽ ሆነ?"

ሸዋሉል ጠርሙሱን አነሳችው። ውስጡ ያለው እንደ ዘይት ጠርቶ ከዳር እስከ ዳር ዋለለ። መጋቢት ከገባ ጀምሮ ቀን ቀን እንዲህ ነው። ማንኪያውን ትታ ማንቆርቆር ከጀመረች ሰንብታለች፤ አንድ ቀን ግን ለምን ብላ አልጠየቀችም፤ ቅቤን ማን ይጠረጥራል? እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። የጣራው ቆርቆሮ ከመደርደሪያው አንድ ክንድ አይርቅም፤ ይፋጃል።

"የክፍል ሙቀት የሚሉት የእነሱን ክፍል ነው" አለ ኦሊያድ። "እኛ ጋ በቀትር ቤቱ ምድጃ ነው። እኔም አንድ ብልቃጥ እንዲሁ አበላሽቼ ሆስፒታል ተኝቻለሁ። ቀስ ብለሽ አዟዙሪው፤ ጎኑ ላይ ፍርፋሪ ከቀረ አብቅቶለታል። ደግሞ ልጅቷን አሁን ውሰጃት፤ ከእኔ ጋር ወሬ አትያዢ።"

አዟዞረችው። ነጭ ፍርፋሪ መስታወቱ ላይ ተጣብቆ ቀረ።

ሐና ፍራሹ ላይ ተጋድማ ነበር። "እማዬ፣ ውሃ።" ትንፋሿ ያለፈበት ማንጎ ይሸታል።

ሆስፒታል ነርሷ ለተማርያም ሽንቷን መርምራ "ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ" ብላ ጀመረችና ሳትጨርሰው የሚንጠባጠበውን ፈሳሽ ሰቀለች። ኢንሱሊን ቀድታ ስትወጋት ሸዋሉል እጇን ዘረጋች።

"ብልቃጡን አንዴ ልየው።"

"ምን ልትሠሪ?"

"ቁጥሩን ነው።"

ለተማርያም የመከራከር ጊዜ ስላልነበራት ሰጠቻት። ሸዋሉል በጎኑ የታተመውን የምርት ቁጥር ከቦርሳዋ ካወጣችው ከተበላሸው ብልቃጥ ጋር፣ እያንዳንዱን አኃዝ በጣቷ እየነካች አስተያየች። አንድ ነው፤ ሁለቱም ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ዙር የወጡ ናቸው። በመዝገብ ቤት ሕይወቷ ቁጥር እንዳይገጥም የተመኘችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። በዘጠኝ ሰዓት የሐና ስኳር ሁለት መቶ አሥር ገባ። ብስኩት ጠየቀች፤ ስትከለከል ተቆጣች። ልጇን ሳምንት ሙሉ ውሃ በብልቃጥ ስትወጋት የከረመችው ሌላ ማንም አይደለም።

ለግሩፑ አስተዳዳሪ ተሳስቻለሁ ብላ ጻፈችለት። "ማስተካከያ ግሩፑን ያስንቃል" አላት። "ዝም በይው፣ ይረሳል።"

ሐና እንድታድር ስለተወሰነ ልብስ ልታመጣላት ወጣች። ባጃጁን ግን አረንጓዴው በር ጋ አስቆመችው። በሩ ግማሹ ተዘግቷል፤ አቶ ዐወድ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል።

"ልጅቷስ?" አሉ ገና ሳትወርድ።

"ደህና ናት። ሆስፒታል ናት።"

"አልሐምዱሊላህ።"

ሸዋሉል ከባጃጁ ወረደች። "አቶ ዐወድ፣ ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

"አውቄያለሁ።"

"እንዴት አወቁ?"

"ፎቶው ላይ አውራ ጣትሽ የማህተም ቀለም አለበት። እዚህ ባንኮኒ ላይ ስትፈርሚ ስንቴ አይቼዋለሁ!"

"ታዲያ ጠዋት ለምን ዝም አሉኝ?"

"ልጅሽ ታማብሻለች፤ ምን ልበልሽ? ደግሞ ብናገርስ፣ አንቺ ታምኚኛለሽ?"

ሸዋሉል ከጎናቸው ተቀምጣ ስልኳን አወጣች። "የልጅ እናት" የሚለውን አጥፍታ የራሷን ስም ከነአባቷ አስገባች፤ የፊቷን ፎቶ አደረገችበት። "ሸዋሉል ሰጠኝ እባላለሁ" ብላ ጻፈች። "ስለ አሶሳው ፋርማሲ የጻፍኩት ስህተት ነው። መድኃኒቱ ደህና ነበር፤ ቆርቆሮ ሥር አስቀምጬ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ቆላ ያላችሁ፣ ቅቤ በሚቀልጥበት ቦታ ኢንሱሊን አታስቀምጡ።" አስተዳዳሪው ያጠፋዋል ብላ ስለጠረጠረች ፌስቡክም ላይ ለጠፈችው።

የመጀመሪያው አስተያየት ደቂቃ አልፈጀም። "ስንት ተከፈለሽ?" ሁለተኛው፦ "የሰውየው ሚስት ትሆናለች።" ሦስተኛው፦ "ስሙም ፎቶውም የተዋሰችው ነው፤ አትመኑ።"

አቶ ዐወድ በትከሻዋ ላይ አነበቡ። "ተዪው በቃ፤ ይበቃል።"

ሸዋሉል አልተናደደችም። ጥያቄዎቹ ደህና ጥያቄዎች ናቸው፤ በእነሱ ቦታ ብትሆን እሷም ከዚህ የተሻለ አትጽፍም ነበር። እንደገና መጻፍ ጀመረች፦ "ዛሬ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ነኝ። ከነገ ወዲያ ቤቴ ነኝ፤ ከመስጊዱ ጀርባ፣ የጁምዓ ሱቅ አጠገብ፣ የቀርከሃ አጥር ያለው። ያላመነ መጥቶ ይጠይቀኝ።"

ከሥሩ የስልክ ቁጥሯን አስገባች። አሥሩን አኃዝ አንድ በአንድ አመሳክራ ላከችው።